በሌላ ልጅ ወረቀት ላይ የተሰፋ ገጽ

ያን ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት የደረስኩት እንደ ልማዴ ከልጆቹ ቀድሜ ነበር። የቾይትሮ ወር ደረቅ ነፋስ አሸዋ ሲያመላልስ አድሮ አግዳሚ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዬን አልብሷቸዋል። በትከሻዬ ጨርቅ ጠራረግኩና ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ትምህርት ቤታችን ቆርቆሮና ቀርከሃ ነው። ጃሙና ወንዝ ደሴታችንን ከሥሯ መብላት በጀመረ ቁጥር ቤቱን ፈትተን በጀልባ እንጭነውና ሌላ የአሸዋ ደሴት ላይ እንተክለዋለን። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አራት ጊዜ ተነቅሏል። በዚያ ሁሉ ነቀላ አንድም የፈተና ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወረቀቶቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ሳጥን ጀልባ ላይ የማወጣው በራሴ ጭንቅላት ተሸክሜ ነው።

ፊደል የለየሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የሰው ጀልባ እቀዝፍ ነበር። ከልጄ መጽሐፍ ጀምሬ ብቻዬን ተምሬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ማትሪክ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ የደሴቱ ሰው ስሜን ትቶ «ማስተር» ይለኝ ጀመር። ሞፊዝ መባሌን የሚያስታውሱ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ልጆቹ ገብተው ሲቀመጡ መዝገቡን ገለጥኩ።

«ሮል አንድ!»

«አለሁ ሰር!» አለ ሞይኑል። የልጄ ልጅ ነው።

በእኛ ዘንድ የሮል ቁጥር የሚሰጠው በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ውጤት ነው። ሮል አንድ ማለት አንደኛ የወጣው ነው፤ ከፊት ይቀመጣል፣ ክፍሉንም ያዛል። መንገድ ላይ ልጅ ያገኘ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ካለ በኋላ «ሮልህስ ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

«ሮል ሁለት!»

ሮል ሁለት ሻፕላ ናት፤ የዓሣ አጥማጁ የሎክማን ልጅ። ቀርታ አታውቅም ነበር። ምልክት ሳላደርግ አለፍኩ።

«ሮል አሥራ አንድ!»

«ሰር፣ ፍየላቸው ጠፍታ ፍለጋ ሄዷል» አለ አንዱ ከኋላ።

«ትናንትም ፍየል ጠፋች ብላችሁኝ ነበር።»

«የትናንትናዋ ተገኝታለች ሰር። የዛሬዋ ሌላ ናት።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ትንሽ ፈገግ አልኩ። ዞር ስል ሻፕላ በሩ ላይ ቆማለች። የደንብ ልብሷን አልለበሰችም። የአምስተኛ ክፍል መጻሕፍቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ምነው ዘገየሽ? ግቢ እንጂ።»

«ሰር፣ መጻሕፍቱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ለምን?»

«ዛሬ ከቀትር ሶላት በኋላ በጀልባው እንሄዳለን። እህቴ ወልዳለች፤ ጋዚፑር ከተማ። እሷ ሸሚዝ ፋብሪካ ስትገባ ሕፃኑን እኔ ልይዝላት ነው።»

«መቼ ልትመለሺ?»

የጨርቁን ጫፍ ፈታ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። ሁሉንም በጋዜጣ ለብዳቸው ነበር። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ 'ሮል አንድ ብታመጪ ኖሮ አላወጣሽም ነበር' ብሏል» አለች።

ይህን አውቅ ነበር። ሎክማን ባለፈው ዓመት ጀልባ መቆሚያው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጄ አንደኛ ትውጣ እንጂ እስከ ማትሪክ ማንም አይነካትም!» ብሎ ሲፎክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሦስት ወር በፊት፣ በፖውሽ ወር፣ የውጤት ቀን መጣ። ወላጆች ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ከአንድ ጀምሬ ስም ጠራሁ። የሮል አንድ ቤተሰብ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጂላፒ የሚባል ጣፋጭ ማብላት ልማዳችን ነው። ያን ቀን ጂላፒውን ያበላሁት እኔ ነበርኩ፤ እየዞርኩ፣ በሁለት እጄ። ሎክማንም አንድ አነሣ፤ ቀስ ብሎ በላ፣ ጣቱን በሽርጡ ጠረገ፣ ልጁን ይዞ ሄደ።

ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ብታገኝ እንኳ ያለ መልቀቂያ አይቀበሏትም። መልቀቂያው ላይ የየትምህርቱ ነጥብ መጻፍ አለበት። ለክፍሉ ከሰሌዳ የሚገለበጥ ሥራ ሰጠሁና ሻፕላን ይዤ ወደ ጓዳው ገባሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቶቿን አወጣሁ። የሒሳቡ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከአሥር ጥያቄ የሠራችው ስምንቱን ብቻ ነው።

«ይኸውልሽ!» አልኩ፤ ተናድጄ ነበር። «ዘጠኝና አሥርን ባትተዪ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልደረስን። ምን ሆነሽ ነው የተውሻቸው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አልተውኩም ሰር።»

«ወረቀቱ ይኸው እኮ!»

«ወረቀት አልቆብኝ ሌላ ሰጥተውኛል። ክፍሉ ውስጥ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎም 'ይኼን ሁሉ ምን ታወሪያለሽ?' ብለው ሰው አሳቁብኝ።»

ትዝ አለኝ። መሣቃቸውም ትዝ አለኝ። በዚያ ቀን ነፋስ በመስኮት ገብቶ ወረቀቱን ሁሉ ወለሉ ላይ በትኖት ነበር። ለቅሜ፣ ተንበርክኬ፣ ተጨማሪውን ገጽ በመርፌና በክር ጥጉ ላይ ሰፋሁት። ተጨማሪ ገጽ ላይ ሮል ሳይጻፍ እንዳትቀበሉ እያልኩ አዳዲስ አስተማሪዎችን የምመክረው እኔ ነኝ። እሷ አልጻፈችበትም፤ እኔም አላየሁም።

ሌሎቹን ወረቀቶች መገልበጥ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ከመገልበጤ በፊት የት እንደማገኘው ልቤ አውቆት ነበር። ከሞይኑል ወረቀት ጋር ተሰፍቷል። ሻፕላ መልሷን ሁልጊዜ በአራት መስመር ሳጥን ታጥረዋለች፤ ሞይኑል መስመር አስምሮ አያውቅም። ገጹ ላይ ሁለት የታጠሩ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም ትክክል። አጠገባቸው በቀይ ብዕር፣ በገዛ እጄ፣ አሥራ አራት ተጽፏል።

ሞይኑል በጠቅላላው አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር ያመጣው፣ ሻፕላ አራት መቶ ዘጠና ሰባት። አሥራ አራቱን ከእሱ ቀንሼ ለእሷ ስደምር እሱ አራት መቶ ዘጠና ስምንት፣ እሷ አምስት መቶ አሥራ አንድ ሆኑ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት።

«አንቺ ወደ ክፍል ግቢና ተቀመጪ» አልኳት።

«ልብሴን ሳልቀይር?»

«እንደዚሁ ግቢ።»

ርዕሰ መምህራችን ራሸዳ ከልጄ በዕድሜ ታንሳለች። ሁሉም «አፓ»፣ ማለትም ታላቅ እህት፣ ይላታል፣ እኔም እንደዚያው እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ቻቻ» ትለኛለች፣ አጎት እንደ ማለት ነው። ወረቀቶቹን ፊቷ አኖርኩና ነገርኳት። አይታ ስትጨርስ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ቻቻ፣ የውጤቱ ዝርዝር ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ከሄደ ሦስት ወሩ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ልጅ ቢሆን 'ስሕተት ነው' ብለን እንጽፋለን። የእርስዎ የልጅ ልጅ ነው። 'ማስተር ዘመዱን አንደኛ አደረገ' ይላሉ። በስሕተት ነው ብለው ቢምሉ ማን ያምንዎታል?»

«ላያምኑኝ ይችላሉ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ልጅቷ እንደሆነ መሄዷ ነው። መልቀቂያዋ ላይ ትክክለኛውን ነጥብ እንጻፍላት። ማን ያመሳክረዋል? የእርስዎም ስም ይተርፋል፣ የትምህርት ቤቱም።»

ሐሳቡ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቆየሁት ስም በአንዲት ብጣሽ መልቀቂያ እንደሚተርፍ ሳስብ ትከሻዬ ሁሉ ቀለለኝ። «እስቲ ልጁን ላናግረው» ብዬ ወጣሁ።

ሞይኑልን ከክፍል ጠርቼ ወደ ውኃ መሳቢያው ወሰድኩት። ውኃ ልጠጣ የፈለግኩ መስዬ እጀታውን ጫን ጫን አደረግኩ።

«በሒሳቡ ፈተና ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ሠርተሃል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰር…»

«ሠርተሃል ወይ?»

«አልደረስኩባቸውም። ደወሉ ተመታ።»

«ታዲያ አንደኛ ሲሉህ ለምን ዝም አልክ? እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

በእግሩ ጣት እርጥቡን አሸዋ ቆፈረ። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሰር» እንዲለኝ አስለምጄዋለሁ፤ ያኔ ግን እንደ ቤቱ አያቴ ብሎ ጠራኝ።

«ናና፣ አውቀው የሰጡኝ መስሎኝ ነበር።»

እጀታውን ለቀቅኩት።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለ ፈጥኖ። «ለእማም። ማንም እንዳይቆጣዎት ብዬ ነው።»

ለሦስት ወር ይህ ልጅ አጠገቤ ሩዙን እየበላ፣ አያቱን አጭበርባሪ ነው ብሎ እያመነ፣ ምስጢሬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። በዓመቱ መጀመሪያ ለክፍሉ ስለ ታማኝነት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ከፊት ቁጭ ብሎ ሰምቶኛል። ራሸዳ ያሰበችው መልቀቂያ ለዚህኛው ልጅ አይደርስለትም።

«አውቄ አይደለም» አልኩት።

«እሺ» አለ። ያመነኝ አልመሰለኝም። ሲያድግ ከእኔ የተማረው «እሺ» ነው፤ ሽማግሌ ሲናገር የሚባለው።

ሎክማን ከቀትሩ ጥቂት ቀደም ብሎ መጣ። ለትልቋ ልጁ የሚወስደውን የደረቀ ዓሣ በከረጢት አንጠልጥሏል።

«ማስተር፣ ወረቀቱ አለቀ? ጀልባው አይጠብቀንም።»

«ተቀመጥ ሎክማን።»

«ከተቀመጥኩ አልነሣም፣ ወገቤ ተበላሽቷል። እንደቆምኩ ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። ሳልጨርስ ከረጢቱን ወለሉ ላይ ጣለው።

«በፖውሽ ሁለተኛ ናት አሉ። ዛሬ አንደኛ ናት ይላሉ። ለመጪው ወር ደግሞ ስንተኛ ሊያደርጓት ነው?»

«ወረቀቱን እይ።»

«እኔ ምኑን ነው የማየው? ለእኔ ይሄ የዓሣ ቅርፊት ነው፣ ያውቁታል። ልጅቷን እንዳልወስዳት ፈልገው እንደሆነ ልመናውን ይለምኑኝ፤ በወረቀት አያሞኙኝ።»

እኔም በሠላሳ ዓመቴ ለሰው ወረቀት እንዲህ ነበር የምመልሰው። የሻፕላን ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ከፊቱ ዘረጋሁለት።

«አታንብበው። ጣትህን አምጣ። ዳር ባለው ባዶ ኅዳግ ላይ እንዲህ ቀስ አድርገህ አስኪደው።»

መረብ ሲጠግን የኖረ ጣት ነው፤ ቀጭን ክር በጨለማ ለይቶ የሚይዝ። ወረቀቱ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አስኬደውና ቆመ።

«ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። እንደ ሳጥን።»

«ስንት ሳጥን?»

«ሁለት።»

«ልጅህ ተጨማሪውን ገጽ እዚህ ላይ ደርባ ነው የጻፈችው። ብዕሯን ስለምትጫን ከሥር ያለውን አጎድጉዶታል። አሁን ይሄን ከላይ አድርግ።» ተጨማሪውን ገጽ ከሞይኑል ወረቀት ክሩን ፈትቼ ሰጠሁት። የታጠሩትን ሁለት መልሶች በጎድጓዳዎቹ ላይ እሱ ራሱ አስተካክሎ ገጠማቸው። ቀጥሎ ያንኑ ገጽ በሞይኑል ወረቀት ላይ አስቀምጦ ከሥሩ ዳሰሰ። ልሙጥ ነው።

ገጹን ወደ ሻፕላ ወረቀት መለሰና እንደገና ገጠመው።

«ጂላፒዎን በልቻለሁ እኮ ማስተር» አለ በመጨረሻ። «የልጄን ጂላፒ በእጅዎ አጎረሱኝ።»

«ልክ ነህ።»

«አውቀው ነው?»

«አይደለም።»

«እኔ ባላምንስ?»

«ባታምነኝ አልፈርድብህም። ልጅቷን ግን ተዋት።»

ከረጢቱን አነሣ። «በሰው ፊት ነው ሁለተኛ ያሏት። በሰው ፊት ይበሉት። ጀልባው ጋ ሰው አለ።»

ራሸዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ቻቻ፣ ይቅርብዎ» አለችኝ በሹክሹክታ። መዝገቡን ብብቴ ሥር አደረግኩና ወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ተከተለኝ፤ ተመለሱ ማለት አልቻልኩም።

ጀልባ መቆሚያው ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ዕቃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ወንዝ ማዶ ገበያ የሚሄዱ፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱ፣ ሻይ የምትሸጠው ጆይቱን። ከፍ ባለው አሸዋ ላይ ቆሜ እንደ ውጤት ቀኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። «በፖውሽ ወር ያነበብኩላችሁ ውጤት ስሕተት ነበረበት። የሻፕላን ገጽ በሞይኑል ወረቀት ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም። የአምስተኛ ክፍል ሮል አንድ የሎክማን ልጅ ሻፕላ ናት።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጆይቱን ብርጭቆዋን እያጠበች፣ «ወይ ጉድ! የልጅ ልጅ ሲኖር ክሩም መንገዱን ያውቃላ!» አለች።

ሳቁ ወዲያው አላቆመም። አንዱ፣ «ማስተር፣ መርፌዋን ያከራዩኛል? እኔም ልጅ አለኝ!» ብሎ ጨመረበት። እኔ በዚህ ደሴት ላይ ስሄድ ሰው ከወንበሩ የሚነሣልኝ ሰው ነበርኩ። እዚያው ቆምኩ። መዝገቡን ገልጬ፣ ሁሉም እያየ፣ በሁለቱ ስሞች ፊት ያሉትን ቁጥሮች በቀይ ሰርዤ ለወጥኳቸው። ብዕሩ በላብ ያዳልጠኝ ነበር።

ሻፕላ አልተደሰተችም። የአባቷን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። ሎክማን አንድ እግሩን ጀልባው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ቤት ሂጂ» አላት። «እናትሽን ሩዝ ጨምሪ በያት።»

«እህቴስ?»

«ሌላ ሰው ትፈልግ እላታለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ያቺኛዋም ልጄ ናት ማስተር። ሕፃኑን የሚይዝላት ካላገኘች ከፋብሪካው ያባርሯታል። ይሄን ልነግራት ነው አሁን የምሄደው። እርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ይስሙኝ። በሚመጣው ፈተና የልጄን ወረቀት ሌላ ሰው ይስፋው።»

«እሺ» አልኩት።

ጀልባው ተነሣ። ሻፕላ አባቷ እስኪርቅ ቆማ አየችና ቤቷ በመሄድ ፈንታ ከልጆቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። መጻሕፍቷን ከጠረጴዛዬ ላይ ሳትጠይቀኝ ወሰደች። ሞይኑል ደብተሩን ሰብስቦ አንድ ቦታ ፈቀቅ አለ። ሁለቱም አልተነጋገሩም።

የጂኦግራፊ መጽሐፌን ገልጬ «ገጽ ሃያ ሁለት» አልኩ። ማንም አልገለጠም። ሮል ዘጠኝ እጁን አወጣ።

«ሰር፣ የእኔንም ወረቀት ያዩልኛል?»

«ያንተ ትክክል ነው።»

«የሻፕላም ትክክል ነው ብለው ነበር እኮ።»

የተናገረው በክፋት አይደለም፤ ሒሳቡን ነው የሠራው። ከኋላው ሮል አሥራ አራት ቆመ፣ ከዚያ ሮል ሰባት። ወሬው ደሴቱን ዞሮ ኖሮ የሮል አሥራ ዘጠኝ እናት እስከ ክርኗ ጭቃ ተለድፋ መጣችና መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ «የእኔን ጅል አሥራ ዘጠነኛ ያደረገው ክር ይሆናል፣ እስቲ ፍቱትና እንየው» አለች። ልጇ በኀፍረት አንገቱን ቀበረ። ሌላ ቀን ቢሆን በዓይኔ ብቻ አባርራት ነበር። ሳጥኑን ከጓዳ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ራሸዳን ጠራኋት።

«አፓ፣ አንቺ ቁጠሪያቸው። እኔ አልነካቸውም።»

ራሸዳ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች በየልጁ ፊት ገጽ ቆጠረች፣ ነጥብ ደመረች። እኔ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ሃያ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ሌላ ስሕተት አልተገኘም። የሮል አሥራ ዘጠኝ እናት እስከ መጨረሻው ቆማ ቅር ብሏት ሄደች። ፀሐይዋ ወደ ወንዙ አዘቅዝቃለች። የመመለሻ ሰዓት አልፏል፤ ግን ወረቀቱ ያልታየለት ልጅ ከቦታው አልተነሣም።

የመጨረሻው ሞይኑል ነበር። ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ራሸዳ ተጨማሪው ገጽ የተፈታበትን ወረቀቱን ይዛ ጮክ ብላ ደመረች፤ አራት መቶ ዘጠና ስምንት።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካዋለሁ። እሱ ግን እኔን አልፎ ወደ እሷ አየ።

«እርግጠኛ ነዎት አፓ?» አላት።

«እርግጠኛ ነኝ» አለችው።

ያኔ ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው፣ ከእኔም ቀድሞ ወደ ቤት ሄደ።